የሌላው ሽንፈት ተስፋችን ሊሆን ይገባልን?

በዚህ ጽሑፍ የምናነሣው ጥያቄ ከእግር ኳስ ሜዳ የተወሰደ ነው። ይኸውም፥ የውድድር ዘመኑ ሊያልቅ ጥቂት ጨዋታ ሲቀረው፥ የምንደግፈው ቡድን ዕድል በራሱ ብርታት ብቻ ሳይሆን በሌላው መሸነፍ ላይ ሲንጠለጠል፥ ያ ሌላው እንዲሸነፍ መመኘት ይገባናልን? ምኞቱ ኃጢአት ነውን? ወይስ ጨዋታ ነውና አይቈጠርብንም? «በሰንበት ትምህርት ቤት ጽሑፍ ላይ የኳስ ወሬ ምን አመጣው?» የሚሉ አባቶችና እናቶች እንደሚኖሩ እናውቃለን። ነገር ግን ቅዳሜና እሑድ ከቀትር በኋላ የጎብዬ ወጣት ልቡ የት እንደሚውል ለማንም የተሰወረ አይደለም። ልብ የሚውልበትን ነገር በዝምታ ከማለፍ ቢመረመር ይሻላል ብለን ነው የጻፍነው።

ነገሩን ከአገራችን ታሪክ እንጀምር። በ2006 ዓ.ም. ብራዚል ላይ ለተደረገው የዓለም ዋንጫ በነበረው ማጣሪያ የኢትዮጵያ ብሔራዊ ቡድን ከደቡብ አፍሪካ፥ ከቦትስዋናና ከመካከለኛው አፍሪካ ሪፐብሊክ ጋር በአንድ ምድብ ተደልድሎ ነበር። ሰኔ 9 ቀን 2005 ዓ.ም. እሑድ ዕለት አዲስ አበባ ላይ ደቡብ አፍሪካን 2 ለ 1 ሲያሸንፍ ነጥቡ 13 ደረሰ፤ አንድ ጨዋታ እየቀረውም ምድቡን በበላይነት የጨረሰ መሰለ። ከመካከላችን የምንበዛው ያኔ ሕፃናት ነበርን፤ ሆኖም የዚያን ቀን ጭፈራ ወሬው እንኳ ያልደረሰው የለም። ደስታው ግን ሳያድር ደፈረሰ። በሁለት ቢጫ ካርድ ምክንያት አንድ ጨዋታ ማረፍ የነበረበት ተጫዋች ሰኔ 1 ቀን ከቦትስዋና ጋር በተደረገው ጨዋታ ተሰልፎ ስለ ተገኘ፥ ፊፋ ምርመራ መክፈቱን በዚያው እሑድ አስታወቀ። በኋላም 2 ለ 1 ያሸነፍነው ጨዋታ 3 ለ 0 እንደ ተሸነፍን ተቈጥሮ ሦስቱ ነጥብ ለቦትስዋና ተሰጠ። 13 የነበረው 10 ሆነ።

የመጨረሻው ጨዋታ ጳጉሜን 2 ቀን ነበር። ኢትዮጵያ 10፥ ደቡብ አፍሪካ 8፥ ቦትስዋና 7 ነጥብ ይዘው ቀረቡ። በዚያ ክረምት ደጋፊው የሚያሰላው እንዲህ ነበር። መካከለኛው አፍሪካን ካሸነፍን የማንንም ውጤት አንጠብቅም። አቻ ከወጣን 11 እንሆናለን፤ ያን ጊዜ ደቡብ አፍሪካ ቦትስዋናን ካሸነፈች እርስዋም 11 ትሆናለች፤ በግብ ልዩነት ደግሞ ትበልጠናለች። ስለዚህ ቦትስዋና ማሸነፍ ወይም አቻ መውጣት አለባት። ከተሸነፍን ግን ያለን ተስፋ አንድ ብቻ ነው፤ ሁለቱ አቻ ይውጡልን። በትምህርት ቤት ሒሳብ የሚያንገላታው ልጅ ሁሉ ይህን ስሌት ያለ እርሳስ ይሠራው ነበር።

እንግዲህ በዚያ ስሌት ውስጥ ልባችን ምን ሲሠራ እንደ ነበር እንይ። ሦስቱን ነጥባችንን የወሰደችው ቦትስዋና በአንድ ቀን ወዳጃችን ሆነች፤ የወደድናት ስለምትጠቅመን ነው። ደቡብ አፍሪካ የፈጸመችብን በደል አልነበረም፤ ግን እንድትወድቅ ተመኘን። በርናርድ ፓርከር የተባለውን ተጫዋቿን እናስታውስ። ሰኔ 9 ቀን ለቡድኑ የመጀመሪያውን ግብ ያገባው እርሱ ነበር፤ ጌታነህ ከበደ አቻ ካደረገን በኋላ ግን ያው ፓርከር በሁለተኛው አጋማሽ ኳሷን በገዛ መረቡ ላይ አሳረፈ። እኛ የጨፈርንበት ደቂቃ ያ ሰው አንገቱን የደፋበት ደቂቃ ነው። የመካከለኛው አፍሪካ ደግሞ የባሰ ነው። በመጋቢት 2005 ዓ.ም. መንግሥቷ በጦር ኃይል ተገልብጦ አገሪቱ ስለ ታመሰች፥ የሜዳዋን ጨዋታ እንኳ በሰው አገር፥ በኮንጎ ብራዛቪል ነበር ያደረገችው። አገራቸው እየነደደ ኳስ ሊጫወቱ የመጡ ወጣቶች እንዲሸነፉ ነበር እዚህ የተጸለየው። ተሸነፉም፤ 2 ለ 1። በዚያው ቀን ደቡብ አፍሪካ ቦትስዋናን 4 ለ 1 አሸነፈች፤ አቻ ወጥተን ቢሆን ኖሮ ቀርተን ነበር።

ታዲያ ይህ ምኞት ነውር ነበርን? በክፍላችን ስንወያይ አንዱ ወንድማችን «ጨዋታ ማለት እኮ አንዱ አሸንፎ ሌላው የሚሸነፍበት ነው፤ ድል ለእኔ ይሁን ያለ ሰው ሽንፈት ለሌላው ይሁን ማለቱ ነው፤ ሁለቱን መለየት አይቻልም» አለ። ክርክሩ ብርቱ ነው። ሐዋርያው ጳውሎስም ለቆሮንቶስ ሰዎች ስለ ሩጫ ሲጽፍ ከብዙ ሯጮች ሽልማቱን የሚወስደው አንዱ መሆኑን ምሳሌ አደረገው እንጂ ሯጩን አልነቀፈም። ተሸናፊውም ተገዶ አልመጣም፤ ሊያሸንፍም ሊሸነፍም ፈቅዶ ገብቷልና ሽንፈቱ በደል ሊባል አይችልም። እኛም ይህን እንቀበላለን። በሜዳው ሕግና በዘጠናው ደቂቃ ውስጥ የተጋጣሚን ሽንፈት መመኘት በራሱ ኃጢአት ነው ብለን በወንድሞቻችን ላይ ሸክም አንጭንም። ለንስሐ አባታችን ይህን ይዘን ብንቀርብ ምናልባት ፈገግ ይሉ ይሆናል።

ሌላው ወንድማችን ደግሞ «ኳሷ ምኞታችንን አትሰማም፤ እዚህ ጎብዬ ተቀምጠን የተመኘነው ብራዛቪል ላይ ማንንም አይጎዳም» አለ። ይህም እውነት ነው፤ ነገር ግን ምኞት የሚሠራው በተመኘው ሰው ላይ ነው። አንድ የእህል ነጋዴ ጎተራውን ሞልቶ ተቀምጦ በሌላው አውራጃ ዝናብ እንዲጠፋ ቢመኝ፥ ደመናው አይሰማውም፤ ዝናቡም በርሱ ምኞት አይቀርም። ሆኖም ያ ነጋዴ ከዚያ በኋላ የተራበ ሰው ደጁ ሲቆም በምን ዓይን ያየዋል? እጁ ምንም ሳያደርግ ዓይኑ ተለውጧል። በእግር ኳስም እንዲሁ ነው። «ይሸነፉልን» ያለ አፍ «ያ አጥቂያቸው እግሩ በተሰበረ» ለማለት አንድ እርምጃ ነው የሚቀረው። ተጫዋቹ ግን ለመሸነፍ እንጂ ለመሰበር ፈቅዶ አልገባም። የባላጋራው ዋና ተጫዋች በቃሬዛ ሲወጣ በዲኤስቲቪ ቤት የሚሰማውን ጭብጨባ የሰማ ሁሉ የምንለው ይገባዋል።

እንግዲህ የተፈቀደውን ምኞት ካልተፈቀደው በምን እንለየው? በራያ ቆላ ለዚህ የሚሆን ምሳሌ አለን። እዚህ ዝናብ ሲያንስ ማሽላው የሚድነው ከምዕራብ ተራሮች በሚወርደው ጎርፍ ነው። ገበሬው ጎርፉን ጠልፎ በቦይ ወደ ማሳው ያስገባል፤ ከላይ ያለው ሲጠልፍ ከታች ላለው ይቀንሳል። ስለዚህ «የእኔ ማሳ ይጠጣ» ማለት በአንድ በኩል «የጎረቤቴ ይቅርበት» እንደ ማለት ነው። ቢሆንም ደህና ገበሬ ጎርፍ ሲመጣ የሚያስበው ስለ ራሱ ማሽላ ነው፤ ማሳው ከጠጣ በኋላ ውኃውን ለታችኛው ይለቅቃል። አሁን ማሳው ጠግቦ ሳለ፥ ውኃው ለርሱ ምንም የማይሠራለት ሆኖ ሳለ፥ የታችኛው እንዳያገኝ ብቻ ጎርፉን ወደ ወንዙ የሚመልስ ሰው ቢገኝ ምን እንለዋለን? ውኃው እየመጣ እያለ ሁለቱ ገበሬዎች አንድ ይመስላሉ፤ ሁለቱም አካፋ ይዘው በየቦያቸው ቆመዋል። ማን ምን እንደሆነ የሚታወቀው ማሳቸው ከጠገበ በኋላ ነው።

በእኛ አስተያየት መለያው ይህ ነው። የሌላውን ሽንፈት የተመኘነው ለቡድናችን ስለሚያስፈልግ ከሆነ፥ ማስፈለጉ ሲቀር ምኞቱም መቅረት አለበት። ዕድላችን ከተረጋገጠ በኋላ ወይም ፈጽሞ ከተዘጋ በኋላ ያው ምኞት በልባችን ተቀምጦ ካገኘነው፥ ከመጀመሪያውም ስለ ቡድናችን አልነበረም ማለት ነው። ማልያ ለብሶ የቆየ ጥላቻ ነበር።

ይህ እስከ ምን ድረስ ሊሄድ እንደሚችል በሩቅ አገር ታይቷል። በ2016 ዓ.ም. የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ ሊያልቅ ሲል አርሴናልና ማንቸስተር ሲቲ ለዋንጫው ተናንቀው ነበር። ግንቦት 6 ቀን ማክሰኞ ማታ ሲቲ የአርሴናል ጎረቤትና ባላንጣ ከሆነው ከቶተንሃም ጋር በቶተንሃም ሜዳ ይጫወት ነበር። ቶተንሃም ቢያሸንፍ አራተኛ ሆኖ ወደ አውሮፓ ሻምፒዮንስ ሊግ የመግባት ተስፋው እስከ መጨረሻው ቀን ይዘልቅ ነበር፤ ነገር ግን ድሉ አርሴናልን ይጠቅማል። ከቶተንሃም ደጋፊዎች ብዙዎቹ የገዛ ቡድናቸው እንዲሸነፍ ተመኙ፤ በገዛ ስታዲየማቸው ተቀምጠውም በአርሴናል ላይ የሚሳለቅ ዘፈን አሰሙ። ሲቲ 2 ለ 0 አሸነፈ። አሠልጣኙ አንጅ ፖስቴኮግሉ በዚያ ምሽት ቅሬታውን አልደበቀም። አራተኛነቱ ለአስቶን ቪላ ሆነ፤ ግንቦት 11 ቀንም ሲቲ በ91 ነጥብ ዋንጫውን ሲያነሣ አርሴናል በ89 ሁለተኛ ሆኖ ቀረ። አያቶቻችን የሚነግሩን የምቀኛ ተረት አለ። «የፈለግኸውን ጠይቅ፥ ለጎረቤትህ ግን እጥፉ ይሰጠዋል» የተባለ ሰው «እንግዲያው አንድ ዓይኔን አጥፋልኝ» አለ ይባላል። ይህን ተረት ለልጆች ማስፈራሪያ የተፈጠረ አድርገን እንሰማው ነበር። (በነገራችን ላይ የእኛ ሰፈር የአርሴናል ደጋፊዎች በቶተንሃም ሰዎች ክፉኛ ተቈጥተው ሲያበቁ፥ በመጨረሻው ቀን ከሲቲ ጋር ለሚጫወተው ለዌስትሃም የአንድ ቀን ዘመድ ሆነው ውለዋል። ዌስትሃምም 3 ለ 1 ተሸነፈ፤ ዝምድናውም በዚያው ቀረ።)

ከቅዱሳት መጻሕፍት ደግሞ ነቢዩ ዮናስን እናስብ። በየዓመቱ ጾመ ነነዌን ሦስት ቀን ስንጾም የምንሰማው ታሪክ ነው፤ ነገር ግን አብዛኛውን ጊዜ ስለ ዓሣ አንበሪው እንነጋገርና የመጨረሻውን ምዕራፍ እንዘልለዋለን። ዮናስ በመጨረሻ ተልእኮውን ፈጽሟል፤ ከእርሱ የሚፈለግ ነገር የለም። እንዲያም ሆኖ ከከተማይቱ በስተ ምሥራቅ ወጥቶ፥ ዳስ ሠርቶ ተቀመጠ፤ ነነዌ ምን እንደምትሆን ለማየት። በዛሬ አነጋገር ተመልካች ሆነ ማለት ነው። ከተማይቱ ስትተርፍ ተቈጣ። የነነዌ መጥፋት ለዮናስ ምን ይጨምርለት ነበር? የተናገረው ትንቢት ሳይፈጸም በመቅረቱ ክብሩ ተነክቶበት ነው የሚል ይኖር ይሆናል፤ ይህ ግን ነገሩን ያብሰዋል እንጂ አያቀልለውም። እግዚአብሔርም ቅሏን አብቅሎ፥ በትል አስመትቶ፥ ለአንዲት ቅል ያዘነ ሰው ለዚያ ሁሉ ሕዝብና ለእንስሳቱ አለማዘኑን አሳየው። ታሪኩ የሚያልቀው በእግዚአብሔር ጥያቄ ነው፤ ዮናስ ምን ብሎ እንደ መለሰ አልተጻፈም።

ወደ ቅርባችን እንመለስ። ወልድያ ላይ በጥር 2009 ዓ.ም. ስታዲየሙ ሲመረቅ፥ የከተማው ቡድንም በፕሪሚየር ሊግ ሲጫወት፥ የዚህ መንገድ ወጣት ሁሉ ቡድኑን እንደ ራሱ ይቈጥረው ነበር። በ2010 ዓ.ም. መጨረሻ ቡድኑ ከሊጉ ላለመውረድ ሲታገል ደጋፊው የእነማን መሸነፍ እንደሚያተርፈው ያሰላ ነበር፤ አልተረፈም፥ ወረደ። ያ ስሌት በእኛ መለያ ሲመዘን የሚያሳፍር አይደለም። ያን ዓመት የሚያሳዝነው ሌላ ነገር ነው። በኅዳር ወር ከመቀሌ ከተማ ቡድን ጋር ሊደረግ የነበረው ጨዋታ ሳይደረግ፥ በከተማው ግጭት ተነሥቶ የሰው ሕይወት ጠፋ፤ ንብረትም ወደመ። ኅዳር ላይ የሚሰላ ነጥብ የለም፤ ውድድሩ ገና መጀመሩ ነው። በዚያ ቀን የማንም መውደቅ ለማንም አያስፈልግም ነበር። ግጭቱ ከኳስ የሰፋ ሥር እንደ ነበረው እናውቃለንና ኳስ ወለደው አንልም። ይሁን እንጂ ከሳምንት ሳምንት የማያስፈልገውን የሌላ ሰው ውድቀት ሲመኝ የኖረ ልብ፥ ክፉ ቀን ሲመጣ ትምህርቱን ቀድሞ ጨርሷል። በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ይህንኑ የቆቦና የወልድያ መንገድ ይዞ ሲወርድና ሲወጣ የሆነውን እዚህ ላይ መዘርዘር አያስፈልግም፤ አንባቢውም አይቶታል።

ስለ ውርርድ ብዙ አንልም፤ ራሱን የቻለ ጽሑፍ ይፈልጋል። አንድ ነገር ብቻ እንጥቀስ። ቤቲንግ የቈረጠ ወጣት ምኞቱን በገንዘብ ለውጧል። ትኬቱ ላይ አሥር ጨዋታ ካለ አሥር የማያውቃቸው ቡድኖች እንዲሸነፉ ይመኛል፤ የሚወደው ቡድን እንኳ ቢሆን ገንዘቡ በሌላ በኩል ከተቀመጠ ልቡ ገንዘቡን ይከተላል። እንዲህ ያለውን ምኞት ለማን ብሎ እንደሚመኘው መጠየቅም አያስፈልግም።

የቀረው የጸሎት ነገር ነው። አንዲት እኅታችን «እኛ እዚህ ስንጸልይ እነርሱም እዚያ ይጸልያሉ፤ እግዚአብሔር የማንን ይስማ?» ብላ ጠይቃለች። ለዚህ የሐዋርያት ሥራ መጀመሪያ ላይ ያለው ታሪክ ረድቶናል። በይሁዳ ስፍራ አንድ ሰው ሊተካ ሁለት ሰዎች ቀረቡ፤ በርስያን የተባለው ዮሴፍና ማትያስ። መቶ ሃያ ያህል ሰዎች ተሰብስበው ነበር። ሰው ናቸውና ከመካከላቸው ወደ ዮሴፍ ወይም ወደ ማትያስ ያደላ ልብ አይጠፋም ብለን እንገምታለን። የጸለዩት ግን እግዚአብሔር የመረጠውን እንዲገልጥላቸው ነው። አንዱ እንዲቀር የጸለየ አልተጻፈም። ዕጣው ለማትያስ ከወጣ በኋላም የዮሴፍ ስም በመጽሐፉ ውስጥ ያለ አንዳች ነቀፋ እስከ ዛሬ ይነበባል። ስለዚህ ለጨዋታ ስንጸልይ የእኛም የእነርሱም ልጆች በጤና ገብተው በጤና እንዲወጡ ብንለምን የሁለቱም ወገን ጸሎት አይጋጭም። ውጤቱን በተመለከተ የምንመኘውን ለእግዚአብሔር ብንነግረው የሚቈጣ አይመስለንም፤ ልባችንን ያውቃልና መሸሸጉም ከንቱ ነው።

የዚያን ማጣሪያ ፍጻሜ ሳንናገር እንዳንቀር። ምድቡን ካለፍን በኋላ ከዓለም ዋንጫው በፊት የቀረችን አንዲት ባላጋራ ናይጄሪያ ነበረች። ጥቅምት 3 ቀን 2006 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ 2 ለ 1፥ ኅዳር 7 ቀን ካላባር ላይ 2 ለ 0 አሸንፋን ወደ ብራዚል ሄደች። የእኛ ስሌት በዚያ አበቃ። በሰኔ ወር ናይጄሪያ ብራዚል ላይ ስትጫወት የታላላቆቻችን ምኞት ሦስት ቦታ ተከፍሎ እንደ ነበር ይነግሩናል። አንዳንዶቹ አፍሪካዊት እኅታችን ናትና ትቅናት አሉ። ሌሎቹ ያስቀረችን እርስዋ ናትና ትውደቅ አሉ። ሦስተኛዎቹ ደግሞ «ሩቅ ትሂድ፤ የጣለን ብርቱ ነበር ይባልልናል» አሉ። ሰኔ 23 ቀን በፈረንሳይ 2 ለ 0 ተሸንፋ ስትመለስ ሁለተኛዎቹ ደስ አላቸው፤ ምን እንዳገኙ ግን አልነገሩንም።

በክፍላችን የሁለተኛዎቹን ነገር ለመዳኘት አልተቸገርንም። በሦስተኛዎቹ ላይ ግን ሁለት እሑድ ሙሉ ተከራክረናል። ለሌላው መልካም ተመኝተዋል፤ የተመኙት ግን ለራሳቸው ስም ነው። እኅታችን «ይህማ ውኃውን ለታችኛው ማሳ የሚለቅቀው ምርት ሲደርስ ድርሻ ሊጠይቅ ነው» አለች። ወንድማችንም «ይጠይቅ፤ የታችኛው ማሽላ ጠጥቷል አይደለም ወይ?» ብሎ መለሰላት። እስካሁን አልተስማሙም።